ስለ አሮጌ ብስክሌት፤ በላስታ አገር ለዕለት ሥራ ወይስ ለመዝናኛ?

መግቢያ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ላስታ ለመሄድ ስንሰናዳ አንድ የክፍል ጓደኛችን «በእናንተ አገር ብስክሌት አለ ወይ?» ሲል ጠየቀን። «አለ፤ ልጆች ይጫወቱበታል» ብለን መለስንለት። ጓደኛችን የባሕር ዳር ልጅ ነውና መልሳችን አስገረመው። እርሱ ባደገበት ቤት ብስክሌት የአባት ዕቃ እንጂ የልጅ መጫወቻ አልነበረም። አባቱ ጧት ወደ ሥራ ይሄዱበታል፤ በገበያ ቀን ጤፍና ሽንኩርት ይጭኑበታል፤ ማታም ከጓዳ አግብተው ይቈልፉበታል። ልጆቹ ሳይፈቀድላቸው ቢነኩት ቍጣ ነበር።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ክልል ውስጥ ባሉ ሁለት ከተማዎች፣ በአንዱ የቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሲሆን በሌላው መጫወቻ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ልማድ ነው» ይላል። አንዳንዱም «የላስታ ሰው በቅሎ እንጂ ብስክሌት አይወድም» ይላል። እኛ ግን ነገሩን ጥቂት ብንመረምረው ከልማድ በፊት ሦስት ነገሮች አገኘን፤ እነርሱም ዳገት፣ ፍሬንና ጠጋኝ ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህን ሦስቱን በየተራ ለመግለጽ፣ በኋላም በቅሎን ከብስክሌት ጋር ለማነጻጸር፣ በመጨረሻም ለላስታ ተማሪ የሚጠቅም አንድ አሳብ ለማቅረብ እንሞክራለን።

፩. አሮጌ ብስክሌት የምንለው ምንድን ነው?

ብስክሌት በዓለም ላይ ያለው ዕድሜ ረዥም አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በእግር መሬቱን እየገፉ የሚሄዱበትን ባለ ሁለት ጎማ የእንጨት መሣሪያ ለሕዝብ ያሳየው በ1817 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የምናውቀው መልክ፣ ይኸውም ሁለቱ ጎማዎች በቁመት ተቀራራቢ ሆነው የኋላው በካቴና የሚዞርበት፣ በ1885 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ጆን ኬምፕ ስታርሊ ባወጣው «ሮቨር» በሚባለው ብስክሌት ታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 ጆን ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ለተራ ሰው የሚሠራው ብስክሌት መልኩን ብዙ አልለወጠም። የእንግሊዙ «ራሌይ»፣ የቻይናዎቹ «ፊኒክስ» እና «ፍላይንግ ፒጅን» ጐን ለጐን ቢቆሙ ወንድማማች ይመስላሉ።

በዚህ ጽሑፍ «አሮጌ ብስክሌት» ስንል የዚህን ቤተ ሰብ ብስክሌት ማለታችን ነው። አካሉ ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው፤ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ይደርሳል፤ ጎማው ትልቅ ነው፤ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬኑም ብዙ ጊዜ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ይጐተታል። ከኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከጎማው በላይ የጭቃ መከላከያ፣ ከመሪው ላይ ቃጭል አለው።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። የብስክሌቱንና የጥገናውን ቃላት ብንዘረዝር ከጣሊያንኛ የመጡት ብዙ ናቸው። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶመጋላ፤ መሣሪያውም ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ ሠራተኛውም ጎሚስታ ይባላል። ጣሊያኖች ኤርትራን ከ1890 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ይዘው ነበር፤ ኢትዮጵያንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወረው ቆይተዋል። ጠላት ወጥቶ ሲሄድ ቃላቱ ከመሣሪያው ጋር ቀሩ። በአንጻሩ የበቅሎን ዕቃ ብንጠራ ኮርቻ፣ ልጓም፣ እርካብ፣ ግላስ እንላለን፤ እነዚህ የቤታችን ቃላት ናቸው። ቃሉ የቤት የሆነ ዕቃ ጠጋኙም የቤት ሰው ነው። ይህን ነጥብ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

፪. የሚከለክለው ከፍታ ሳይሆን ዳገት ነው

ብዙ ሰዎች ላሊበላ ደጋ ስለ ሆነች፣ አየሩም ቀጭን ስለ ሆነ ብስክሌት አይነዳባትም ይላሉ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰው ቶሎ ያለከልካል የሚለው ውሸት አይደለም።

ነገር ግን አስመራን እንመልከት። አስመራ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ሳለች በአፍሪካ በብስክሌት ስማቸው ከሚነሣ ከተማዎች አንዷ ናት፤ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አሮጌ ብስክሌት ይነዱባታል። መቀሌም ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ገብረማርያም የተገኘው ከዚያው ነው። እንግዲህ አየር መቅጠኑ ብቻውን ብስክሌትን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ከተማዎች ባልተነዳ ነበር።

ልዩነቱ ያለው በመሬቱ አቀማመጥ ነው። አስመራ በደጋው አናት ላይ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ባሕር ዳርም በጣና ዳር 1800 ሜትር ላይ ያለች ለጥ ያለች ከተማ ናት፤ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ቢሻማውም ብስክሌት መንገዷን አልተወም። ላሊበላ ግን በተራራ ወገብ ላይ ተሰቅላ የምትኖር ከተማ ናት። ከበላይዋ የአሸተን ማርያም ገዳም ያለበት ተራራ ቆሟል፤ ከዚያም ወዲያ ከ4200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ አለ። ከበታችዋ መሬቱ ወደ ተከዜ ምንጮች ይወርዳል። የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ ቤቱ የሚገባ ሰው በቁመት 500 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። በከተማው ውስጥም ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሄዱ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው።

፫. አሮጌው ብስክሌት ዳገት ላይ ሲወጣ

«ዳገት ይከብዳል» ማለት ብቻ ለምርምር አይበቃም፤ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር እንመልከት።

አንድ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጧል እንበል፤ ጠቅላላው 85 ኪሎ ነው። መንገዱ በ100 ሜትር ርዝመት 10 ሜትር ከፍ የሚል ቢሆን፣ ብስክሌቱን ወደ ኋላ የሚጐትተው ኃይል የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለት 8 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። አሁን ግን ማርሹን እንመልከት። ፊተኛው ክብ 48 ጥርስ፣ ኋለኛው 20 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ከአራት አሥረኛ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ20 ነውና ብስክሌቱ 5 ሜትር ከ28 ይጓዛል። የነጂው እግር ግን በዚያው ጊዜ የተጓዘው ክብ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። እግሩ ትንሽ ሲሄድ ብስክሌቱ አምስት እጥፍ ስለ ሄደ፣ የእግሩ ኃይል በተራው አምስት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 8 ኪሎ ተኩሉ በፔዳሉ ላይ በአማካይ ወደ 42 ኪሎ ይሆናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ፔዳሉ ከላይና ከታች በደረሰ ጊዜ እግር ኃይል ሊሰጥ አይችልም፤ የጎደለው በመካከሉ መሞላት አለበት። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 65 ኪሎ ይወጣል። ይህ ራሱ የነጂው ክብደት ነው! እንግዲህ ሰውየው በእያንዳንዱ እርምጃ ከመቀመጫው ተነሥቶ መላ ሰውነቱን በአንድ እግሩ ላይ ሊጭን ይገባዋል። ይህን ለሃምሳ ሜትር የሚያደርግ ጐበዝ ይገኛል፤ እስከ ቤቱ ድረስ ዕለት ዕለት የሚያደርግ ግን አይገኝም። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን ያው ማርሽ የሚጠይቀው ጥቂት ኪሎ ግፊት ብቻ ነው። የባሕር ዳሩ አባት በነጠላ ጫማ ሆነው በእርጋታ የሚነዱት ስለዚህ ነው።

አዲሶቹ የተራራ ብስክሌቶች ብዙ ማርሽ ስላላቸው በዚያው ዳገት ላይ ፊተኛው 24፣ ኋለኛው 32 ጥርስ ቢደረግ አማካዩ ግፊት ከ13 ኪሎ ያህል አይበልጥም። እርግጥ ብስክሌቱ በአንድ ዙር የሚጓዘው መንገድ በዚያው ልክ ያንሳል፤ በተፈጥሮ ሕግ በኃይል ያተረፍነውን በመንገድ እንከፍላለን። አሮጌው ብስክሌት ግን ይህን ንግድ አያውቅም፤ ዋጋው አንድ ነው።

፬. ቁልቁለቱና ፍሬኑ

ዳገቱ ካደከመ ቁልቁለቱ ያሳርፋል የሚል ይኖራል። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ተላላኪ ነበሩ። አሮጌ ብስክሌታቸውን ከፖስታ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በእጃቸው እየገፉ ሲመጡ እናያቸው ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ ለምን ይደክማሉ? ቢተዉት አይሻልም?» ብንላቸው «ልጆቼ፣ አቀበቱን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ቁልቁለቱን እርሱ ይሸከመኛል» ብለው አሳቁን። ከጥቂት ቀን በኋላ ዝናብ በዘነበበት ጧት ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬኑ አልያዝ አላቸው። በጫማቸው መሬቱን እየፋቁ ወርደው ከግንብ ጋር ተላተሙ፤ እጃቸውም ተሰብሮ ሁለት ወር ያህል ያለ ሥራ ተቀመጡ። ብስክሌቱም ከዚያ ወዲያ ከዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ያን ጊዜ ዕድላቸውን ረገምን እንጂ ምክንያቱን አላወቅንም ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። 85 ኪሎ ከ500 ሜትር ቁመት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በዝግታ ለሚወርድ ሰው ይህ ኃይል አብዛኛው የሚጠፋው በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው። የአሮጌው ብስክሌት ፍሬን ደግሞ ሁለት ጥንድ ትናንሽ ላስቲኮች ናቸው። የሚይዙትም ቸርኬ የተወለወለ ብረት ነው፤ ብረቱ ዝናብ ሲነካው ላስቲኩ ይንሸራተታል። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚያዘው ዓይነት ፍሬንም ቢሆን በረዥም ቁልቁለት ላይ ውስጡ ግሎ ቅባቱ ይቃጠላል። የላስታ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው። እንግዲህ አሮጌ ብስክሌት በላሊበላ ዳገት ላይ አድካሚ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ አደገኛ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

፭. የጠጋኝ ነገር

ሦስተኛው ምክንያት ጠጋኝ ነው። ብስክሌት ያለ ጠጋኝ አይኖርም። ካላማዳሪ ይበሳል፤ ካቴና ይረዝማል፤ ኩሽኔታ ይላላል። በባሕር ዳር መንገድ ዳር አንድ ገንዳ ውሃ፣ አንድ ፓምፕና የተሰቀሉ አሮጌ ጎማዎች ካየን ጠጋኝ አለ ማለት ነው። ጠጋኙ እዚያ የተቀመጠው በየቀኑ የሚመጣ ደንበኛ ስላለው ነው። ደንበኛውም ብስክሌቱን በየቀኑ የሚነዳው ጠጋኙ እዚያ ስላለ ነው። አንዱ ለሌላው ምሰሶ ነው።

ብስክሌት ለጨዋታ ብቻ በሆነበት ከተማ ግን ይህ ክብ አይዘጋም። ልጁ የተከራየው ብስክሌት ጎማው ቢፈነዳ ነገ አይነዳውም፤ ጉዳቱ ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም አይቸኩልም፤ መለዋወጫ የሚያመጣ ነጋዴም አይኖርም። ብስክሌቱ ጥግ ይዞ ይዝጋል። አሮጌ ብስክሌትን በሕይወት የሚያኖረው የብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን ነገ ጧት የሚፈልገው ሰው መኖሩ ነው።

፮. በቅሎ ለሥራ፣ በቅሎ ለሽርሽር

በላስታ ብስክሌት ያልያዘውን ቦታ በቅሎና አህያ ይዘውታል። በቅሎ የወንድ አህያና የባዝራ ልጅ ናት። «በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ብለው አባቶቻችን የተረቱባት ስለዚህ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው በቅሎ 63 ስላላት ዘር አትተካም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዷ በቅሎ እንደ ገና መገኘት አለባት። ዋጋዋ የሚወደደው፣ ጌታዋም የሚሳሳላት አንዱ በዚህ ነው።

በድሮ ዘመን መኳንንቱ ለጦር ፈረስ፣ ለጉዞ በቅሎ ነበር የሚቀመጡት። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በአገሩ የተዘዋወረው በበቅሎ ነበር። በቅሎ ሰኮናዋ ጠባብና ጠንካራ ስለ ሆነ በድንጋያማ ገደል ላይ እግሯን መርጣ ትረግጣለች፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ራሷ ናት። የቀድሞ ሰው ባዶ እግሩን ይቀመጥ ስለ ነበር እርካቡም አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቀለበት ነበር።

ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባች ወዲህ፣ ይልቁንም ጎብኚ በአውሮፕላን መምጣት ከበዛ ወዲህ፣ በቅሎ ሁለተኛ ሥራ አገኘች። ይኸውም ጎብኚን ወደ አሸተን ማርያም ማውጣት ነው። ለጎብኚው ይህ ሽርሽር ነው፤ ለባለ በቅሎው ግን እንጀራ ነው። ስለዚህ «ለሥራ» እና «ለመዝናኛ» የሚለው ክፍፍል እንደምናስበው ቀላል አይደለም፤ የአንዱ መዝናኛ የሌላው ሥራ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ያለፉት ዓመታት አንድ ትምህርት ሰጥተውናል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ጎብኚን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋም በወራት ውስጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገደኛን አራቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎብኚ ብቻ ትሸከም የነበረች በቅሎ ሥራ ፈትታ ገብስ መብላት ብቻ ቀረላት። እህል ወደ ወፍጮ፣ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሸቀጥ ወደ ቅዳሜ ገበያ የምታመላልሰው ግን ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ሰው በክፉ ዘመንም ይበላልና። ለመዝናኛ ብቻ የተያዘ ነገር ሰላምንና እንግዳን ይጠብቃል፤ ለዕለት ኑሮ የተያዘ ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር ክፉውንም ደጉንም ያልፋል።

፯. መዝናኛን መናቅ ይገባልን?

ከዚህ በላይ ያልነው መዝናኛ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በጣሊያን አገር በቶስካና፣ ጋዮሌ በምትባል መንደር፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤሮይካ» የሚባል የአሮጌ ብስክሌት ጉዞ ይደረጋል። ነጂዎቹ ከ1987 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ብስክሌቶችን ይዘው፣ የድሮ ልብስ ለብሰው፣ በአቧራማ መንገድ ይጓዛሉ። በዓመት አንድ ቀን የሚነዳ ብስክሌት ስለ ሆነ ዓመቱን ሙሉ ሲወለወል ይኖራል። በአስመራ ግን የዚያው ዘመን የጣሊያን ብስክሌት ዳቦ ተጭኖበት ሲሄድ ይታያል። በአንዱ ቦታ መታሰቢያ የሆነው በሌላው ሠራተኛ ነው። የኤሮይካ ሰዎች ግን አንድ ቁም ነገር ሠርተዋል፤ አሮጌውን የሚጠግን ሙያ እንዳይጠፋ ምክንያት ሆነዋል።

በአገራችንም ጨዋታ የብስክሌት የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው። በብዙ ከተማ ልጆች ሳንቲም አዋጥተው በዙር ወይም በሰዓት ብስክሌት ይከራያሉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ ጉልበት ሳይላጥ የተማረ የለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተካፈለች ጊዜ ከሯጮች ጋር የላከችው ብስክሌተኞችን ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በተወሰኑ እሑዶች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ልጆች ብስክሌት ሲነዱበት ታይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ላይም የብስክሌት መስመር ተሰምሯል። እሑድ ለጨዋታ የተማረ ልጅ ሰኞ ለሥራ ሊነዳ ይችላል፤ ግን ሰኞ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚያቆምበት ቦታና የሚጠግንለት ሰው ካገኘ ነው።

፰. ለላስታ ተማሪ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ተራ የማወቅ ፍላጎት ብቻ አይደለም። በላስታና በአካባቢው ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት በእግራቸው ነው፤ እኛም እንደዚሁ አደግን። ስምንት ኪሎ ሜትር በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ልጅ መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት ነው። ጧት በጨለማ ይወጣል፤ ማታ በጨለማ ይገባል። ለሴት ልጅ ደግሞ ጨለማው ከድካሙ የባሰ ነው፤ ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ይህን ፈርቶ ነው። ያንኑ መንገድ በሜዳ ላይ በብስክሌት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 40 ደቂቃ ብቻ ይወስድባታል። በቀን ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ለማጥናትና እናቷን ለመርዳት ይተርፋታል።

ታዲያ ዳገቱስ? ላስታ ሁሉ ላሊበላ አይደለም። ከላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጋሸና ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ትልቁ መንገድ በመቄት ደጋ አናት ላይ ስለሚዘረጋ ለብዙ ኪሎ ሜትር ለጥ ያለ ነው። እዚያ ነፋሱ ይበርዳል እንጂ ዳገቱ አይገድልም፤ የአስመራ ምሳሌ የሚሠራው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። በእንዲህ ያለው ሜዳ አሮጌው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ለዕለት ሥራ ይበቃል። ወደ ላሊበላ፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስና ወደ ነአኵቶ ለአብ በሚወስዱት ተዳፋት መንገዶች ግን በቅሎ ሥራዋን ትቀጥል፤ ብስክሌት ይምጣ ከተባለም ብዙ ማርሽና አስተማማኝ ፍሬን ያለው ይሁን።

ደግሞም ብስክሌት ለመጥቀም የግድ መነዳት የለበትም። በ1954 እ.ኤ.አ. በቬትናም በዲየን ቢየን ፉ ጦርነት ጊዜ ተሸካሚዎች ብስክሌት ላይ ዘንግ አስረው፣ ሳይቀመጡበት እየገፉ፣ በተራራ መንገድ እስከ 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ጭነት አጓጉዘዋል። ሰው በጀርባው ይህን ሊሸከም አይችልም። ያ የጦር ሥራ ነበር፤ እኛ ግን ለእንስራ ውሃና ለጆንያ እህል ልናውለው እንችላለን። ውሃ በጀርባቸው የሚሸከሙ እናቶቻችንና እኅቶቻችን መንገዱ በፈቀደበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ ይህ ይገባቸዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመልሰናል። ብስክሌት ለሥራ ይሆናል ወይስ ለመዝናኛ የሚለውን የሚወስነው የባለቤቱ ፍቅር ወይም የዕቃው እርጅና ብቻ አይደለም፤ መሬቱ፣ ፍሬኑና በአጠገቡ ያለው ጠጋኝ ናቸው። ስለዚህ ለላስታ ትምህርት ቤቶች ብስክሌት ለመስጠት የሚያስብ ሰው ቢኖር ሦስት ነገር እንለምነዋለን። መጀመሪያ መንገዱን በእግሩ ሄዶ ዳገቱን ይለካ። ሁለተኛ ፍሬኑን በዝናብ ቀን ይሞክር። ሦስተኛ ከብስክሌቱ ጋር አንድ የአካባቢ ወጣት ጥገና እንዲማር፣ ፒንሳውና መለዋወጫውም አብሮ እንዲመጣ ያድርግ። ይህ ካልተደረገ ስጦታው በአንድ ክረምት ውስጥ እንደ ተላላኪው ብስክሌት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ለባሕር ዳሩ ጓደኛችን የሰጠነው መልስ ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነበር። ዛሬ ቢጠይቀን «ልጆቹ የሚጫወቱበት ዳገቱ ስላላሠራው ነው፤ ወደ መቄት ደጋ ብንወጣ ግን የአባትህ ብስክሌት ሥራ ያገኛል» እንለዋለን።

ይህን አጭር ጽሑፍ ስናቀርብ የእውቀታችንን ማነስ አንዘነጋም። ከአንባቢዎቻችንና ከመምህሮቻችን መካከል ስሕተት ያገኘ ወይም የተሻለ አሳብ ያለው ቢኖር እንዲያርመን በትሕትና እንለምናለን።